የስለት ማንጎ

የበሰበሰ ማንጎ ሽታ አንድ ሽታ አይደለም። መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ጓዳ ውስጥ ማር የተደፋ ይመስላል። ቀጥሎ የተረሳ ጥንስስ ጥንስስ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እንኳን ልጽፈው ላስታውሰውም አልፈልግም። ግን ከአፍንጫዬ አልወጣ ስላለ ልጻፈው።

ፍኖተ ሰላም፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጋር ለሁለት ተከራይተን እንሠራ ነበር። መሀሉ በቆርቆሮ ተከፍሏል፤ በሩ ግን አንድ ነው። ቁልፍ እሳቸውም አላቸው፣ እኔም አለኝ። ሽማግሌውን ከተማው ሁሉ ጋሸ ይላቸዋል። ነጭ ጋቢ፣ ጭራ፣ የእድር ዳኝነት፣ የሠርግ ሽምግልና፣ ምንም የጎደላቸው የለም። ጾም ሲይዙ ምራቃቸውን እንኳ የሚውጡ አይመስሉም። ሳያማትቡ ዋጋ አይናገሩም ነበር፤ አማትበው የሚናገሩት ዋጋ ደግሞ ሰሚውን ያስማትበዋል።

እኔ ከጉልት ነው የተነሣሁት። መሬት ላይ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፌ ሎሚና ቃሪያ እየደረደርሁ ጀምሬ፣ ሽንዲ ድረስ ወርጄ የገበሬውን ማንጎ ዛፉ ላይ እንዳለ እስከ መግዛት ደረስሁ። በዚያ ሁዳዴ ያለኝን ሁሉ፣ የጆሮዬን ጉትቻ ሳይቀር፣ ማንጎ አድርጌው ነበር። ያ ማንጎ ከተበላሸ ተመልሼ መሬት ላይ ነኝ። ይኼን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ ቆሜ ያየሁት ማንጎዬ እዚያው ውስጥ ስለነበረ ነው እንጂ፣ እንደ ሌላው ሰው አፍንጫዬን ይዤ ባለፍሁ ነበር።

ነገሩ የጀመረው መንገድ ሲዘጋ ነው። መንገድ መዘጋት እኛ ዘንድ እንደ ክረምት ደመና ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጋሸ ከመዘጋቱ በፊት የእሳቸውን አስገብተው ነበር። ማንጎውን ከዛፉ ላይ በዱላ አስረግፈው ነው ያስጫኑት። በዱላ የረገፈ ማንጎ ላዩ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደተደበደበ ሰው ነው፣ ጉዳቱ ሲያድር ነው የሚወጣው። ከመጋዘኑ ወደ ሌላ ከተማ የሚያደርሰው አይሱዙ መንቀሳቀስ ሳይችል ቆይቶ መንገዱ ሲከፈት የእሳቸው ሣጥኖች ከሥር ማልቀስ ጀምረው ነበር። እኔ ከተከፈተ በኋላ፣ በእጅ አስለቅሜ፣ ገለባ ላይ አስተኝቼ አስገባሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ቆርቆሮው ሽታ እንደማይከለክል ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ለምን አይጥሉትም ነበር ትሉ ይሆናል። የበሰበሰ ነገር ገዢ የለውም የሚል ሰው ገበያ አያውቅም። ጾም ነው፤ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ የከተማው ወጣት ሁሉ ጁስ ቤት ነው። ጋሸ አንዲት ሴት ቀጥረው ልጣጩን እያስነሡ፣ የጠቆረውን በማንኪያ እያስጫሩ፣ የቀረውን በባልዲ ያስሞሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት የጁስ ቤት ሰዎች እየመጡ ይወስዳሉ። አንድ ቀን ባልዲው ክፍት ሆኖ አገኘሁትና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ላዩ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ዓይኔ መስሎኝ ነበር።

ጋሸን ትል አለበት አልኋቸው። እሳቸው ሳይደነግጡ፣ ትሉስ ቢሆን ምን በላ ብለሽ ነው፣ የበላው ማንጎ ነው፣ አሉኝ።

«ታዲያ በሁዳዴ ሥጋ ሊያበሏቸው ነው?» አልሁ።

ሳቁ። ያን ሳቅ እስካሁን አልወደውም። ስኳር ሲገባበት ሁሉም አንድ ነው ብለው ጭራቸውን አወናጨፉ፤ ዝንቡ ከፊታቸው ተነሥቶ ባልዲው ላይ አረፈ።

ብዙም ሳይቆይ ጁስ የጠጣ ሁሉ ሆዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ተሰለፈ። አንቺ ነሽ የጠቆምሽው ያሉኝ አሉ። አልጠቆምሁም። ማንም መጠቆም አላስፈለገውም፤ ዝንቡ ራሱ ከዋናው መንገድ ጀምሮ እየመራ ያመጣ ነበር።

ሦስት ሆነው መጡ። ከጤና ጽሕፈት ቤት ጓንት ያጠለቀች ወጣት ተቆጣጣሪ፣ ከንግድ ጽሕፈት ቤት አንድ ከረባት ያሰረ ሰው፣ አንድ ፖሊስ። በሩ ሲከፈት የከረባቱ ሰው ስልክ ተደውሎልኛል ብሎ ወደ ውጭ ሄደ፤ ስልኩ ግን አልጮኸም። ፖሊሱ ኮፍያውን አውልቆ አፍንጫው ላይ ያዘ። ልጅቱ ብቻ ገባች። የላይኛውን ሣጥን አነሣች፣ የሥረኛው አብሮ ተነሣ፤ ተጣብቀዋል። ከመካከላቸው ጥቁር ፈሳሽ ጫማዋ ላይ ወረደ። እሷ ጫማዋን አላየችም። ሣጥን በሣጥን እያገላበጠች እስከ ግድግዳው ሄዳ ተመለሰችና፣ በምግብ ቁጥጥር ሕጉ መሠረት ይኼ ለሰው ምግብ አይውልም፣ ተወርሶ ይቀበራል፣ አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ሰው ተሰብስቧል። ጋሸ ጋቢያቸውን አስተካክለው ብቅ አሉ።

«ደግ ተናገርሽ ልጀ» አሏት። «የእኔ ቢሆን እኔው በትከሻየ አውጥቼ እጥለው ነበር። ይኼ ግን የታቦት ነው። ተስየዋለሁ። የሚነካው ሰው ካለ ይንካው፤ እኔ የለሁበትም።»

የአገራችንን ሰው ታውቃላችሁ። ስለት ካፍ ከወጣ የተሳለው ሰው እንኳ አይመልሰውም። የደረቀ ዳቦ ቢሆን፣ ስንጥር እንጨት ቢሆን፣ የታቦት ነው ከተባለ እጅ ይሰበሰባል። ፖሊሱ ሣጥን ለማንሣት የዘረጋውን እጁን መልሶ አማተበበት። አንዲት ሴትዮ እልል ልትል አፏን ከፍታ ሽታው ገብቶ ዘጋት። የከረባቱ ሰው ያን ጊዜ ስልኩን ጨርሶ መጣና፣ በሃይማኖት ጉዳይ እኛ አንገባም፣ ቤተ ክርስቲያን ትጠየቅ፣ አለ። ልጅቱ ትል ሃይማኖት የለውም ብላ ብትከራከርም ሁለት ለአንድ ሆነባት።

የደረሱበት ስምምነት ይኼ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለቱን እስክትወስድ ወይም አልፈልግም እስክትል ድረስ ዕቃው ባለበት ይሁን፣ መጋዘኑም ይታሸግ። ማኅተም የተመታበት ወረቀት በሁለቱ መዝጊያዎች ላይ ተለጠፈ።

የእኔ ማንጎ ውስጥ ነው።

የእኔስ ብዬ ጮህሁ። ወዲያ ማዶ ያለው የእኔ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ግቡና እዩት አልሁ። ልጅቱ ወደኔ ዞራ፣ እውነት ለመናገር አዝናልኝ፣ «እትዬ፣ በሩ አንድ ነው» አለችኝ።

ሰው ሲበተን ጋሸን አስቁሜ መቼ ነው የተሳሉት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በልቤ ከተሳልሁ ቆይቷል እቴ» አሉኝ። «አፌ ነው የዘገየ።»

ማንጎ ብቻውን አይበስልም። አንዱ ሲበስል ጎረቤቱን ይጠራል፤ የበሰበሰውም እንደዚያው ነው። ያ የሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ ሲያግለው፣ እኔ ውጭ ቆሜ ውስጡን አስባለሁ። በማግስቱ በበሩ ሥር ፈሳሽ ወጥቶ አፈሩን አጥቁሮታል። አንድ ውሻ መጥቶ አሸተተውና በጎን በኩል ዞሮ ሄደ። የፍኖተ ሰላም ውሻ የማይበላውን ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ጋሸ ደግሞ በዚያው ጠዋት በአጠገቤ ሲያልፉ፣ ለኔ ማዘን ጀምረው ነበር። ትዕግሥት አድርጊ፣ ታቦት የሚሠራውን ያውቃል፣ እያሉ።

ያሰቡት ግልጽ ነበር። ቄሰ ገበዙ እንዲህ ያለ ነገር አንቀበልም ይላሉ፤ ስለቱ ወደ ተሳይው ይመለሳል፤ የተመለሰ ስለት ደግሞ ማን ይነካዋል? ልጅቱም አትነካው። ወረቀቱ ይነሣል፣ ባልዲው ይቀጥላል።

ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ቄሰ ገበዙ የታቦቱን ንብረት የሚጠብቁ ናቸው፤ ጧፍ እየለዩ አገኘኋቸው። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ ነገርኋቸው፤ ባልዲውንም፣ ትሉንም፣ የእኔን ማንጎም አልደበቅሁም። አይተሽዋል ወይ አሉኝ። ማየት አያስፈልግም አባ፣ ወደዚህ ቢነፍስ ራሱ ይመጣ ነበር፣ አልኋቸው። ጧፉን ይለያሉ። አልቀበልም ካልሁ ተመልሶ ሰው ሆድ ይገባል አሉ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከተቀበሉስ አባ፣ ለቆሎ ተማሪዎች ሊሰጥ ነው፣ እነሱ ደግሞ የሰጧቸውን ሁሉ ይበላሉ፣ አልሁ።

«ችግሩ እሱ ነው» አሉ። «ተማሪ አይመርጥም።»

ከዚያ ነገ እመጣለሁ ብለው ወደ ጧፋቸው ተመለሱ። ሌላ ምንም አልነገሩኝም። ስመለስ በመንገድ ላይ፣ መጥተው ቢወስዱት ማንጎዬ ይወጣል፣ ይኼ ነው የሚያገባኝ፣ እያልሁ ራሴን አስተማርሁ። ራሴ ግን ጥሩ ተማሪ አልሆነም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጥላቸውን ዘርግተው፣ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱም ከፖሊሱ ጋር ተጠርታ መጣችና ወረቀቱን ቀደደች፤ ርክክቡ ሳያልቅ ግን ከመጋዘኑ አንዲት ፍሬ አትወጣም አለች። በሩ ሲከፈት ዝንቡ እንደ ጭስ ተግተልትሎ ወጣ። ቄሰ ገበዙ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ደፉ ላይ ትንሽ ቆሙ። ጋሸ ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙ።

«ለታቦት ተሰጠ አሉኝ» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«አዎን አባ። ለታቦት ምን ይበዛል።»

«እግዜር ይስጥልን። እንግዴህ በአገራችን ጠላ የቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ለእንግዳ እንዲህ ከሆነ ለታቦት ይቀራል እንዴ? ይቅመሱልንና እንረከብዎ።»

 ጋሸ ዝንብ አባረሩ። ጾመኛ ነኝ አባ አሉ።

«እኔም ነኝ» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እንቀመጣለን።»

አግዳሚ መጣላቸውና ቁጭ አሉ። ሁለት ጾመኛ ሽማግሌዎች፣ በሩ የተከፈተ መጋዘን ፊት ለፊት፣ በዚያ ፀሐይ። ቄሰ ገበዙ ስለ በልግ ዝናብ ይጠይቃሉ፣ ስለ ልጅ ልጆች ይጠይቃሉ፤ ጋሸ በአጭሩ ይመልሳሉ። ሰው እየበዛ መጣ። መሐረብ አፍንጫው ላይ ያሰረ፣ ዝንጅብል የሚያኝክ፣ የማያገባው ሁሉ። አንዱ ጎረምሳ፣ ጋሸ ስኳር ላምጣ ወይ ብሎ ከኋላ ተናገረ፤ ጁሱን ጠጥቶ ጤና ጣቢያ ከተሰለፉት አንዱ ነበር። በመካከሉ ጋሸ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ቤቴ ደርሼ ልምጣ ቢሉ ቄሰ ገበዙ፣ ማንጎ ለሆድ ደግ ነው ይባላል፣ አሏቸው።

እኔ ማንጎዬ ዘንድ ገብቼ ቆሜ ነበር። የላዩ ደህና ነው። ወደ ቆርቆሮው የተጠጋው ግን ከሥሩ ረጥቧል፤ የእሳቸው ፈሳሽ ሾልኮ ገለባውን አጨቅይቶታል። በቀስታ እያነሣሁ ወደ ጥግ እወስዳለሁ። አንድ ቀን ቢጨመርበት ሌላው እንደሚከተል አየሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጋሸ ተነሥተው ወደ ሣጥኖቻቸው ገቡ። ሲፈልጉ ሰማኋቸው። ሣጥን ያነሣሉ፣ ያስቀምጣሉ። ደህና ማንጎ እየፈለጉ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሣጥን አንዲት ጤነኛ ፍሬ። የለችም። ከዚያ በቆርቆሮው ቀዳዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እቴ፣ ከወዲያ አንዲት አቀብይኝ። ለሁለታችንም ነው። አሁን ያልቃል፣ ማንጎሽን ታወጫለሽ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አንዲት ማንጎ ነበረች በእጄ፣ ቢጫ፣ ጉንጭ የመሰለች። ባቀብላቸው ይበላሉ፣ ቄሰ ገበዙ ይረከባሉ፣ በሩ ይለቀቃል፣ እኔም ከመሬት እተርፋለሁ። ባላቀብላቸው አልቀምስም ብለው ነገሩ ሊጓተት ይችላል፣ ያኔ የሚጓተተው በእኔ ማንጎ ላይ ነው። በልቤ ሚዛን ላይ አስቀመጥኋት። ከዚያ ባልዲው ታየኝ። ያ ላዩ የሚንቀሳቀስ ነገር፣ በተማሪዎቹ ቅል ውስጥ ሆኖ።

«ጋሸ፣ የእኔ ለስለት አልተሰጠም» አልሁ፣ ውጭ ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ።

ሳቅ ተሰማ። ጋሸ አንዲት ጥቁር ማንጎ ይዘው ወጡ። አይበሉም ብዬ ነበር። ይወረውሩታል፣ ይቆጣሉ፣ ወይ እውነቱን ይናገራሉ ብዬ ነበር። ሰውየውን አላወቅሁትም ነበር ማለት ነው። ቆዳዋን ገና ሲነኳት ተሰነጠቀች፤ ፈሳሹ በክንዳቸው ወርዶ ነጩ ጋቢ ውስጥ ገባ። አማተቡ። አፋቸው ውስጥ አስገብተው መጠጧት። ጉሮሯቸው ሲወርድ ሲወጣ አየሁ። ነጭ ነገር ጢማቸው ላይ ቀርቶ ይተጣጠፍ ነበር፤ በአውራ ጣታቸው ወደ አፋቸው መለሱት። ልጅቱ፣ ያች ጫማዋ ላይ ሲፈስ ያላየችው ልጅ፣ ዞራ ግድግዳ ያዘች። ፖሊሱ ትቶ ሄደ። ጋሸ ፍሬዋን እስከ አጥንቷ ልሰው በመዳፋቸው ያዟትና፣

«ጣፋጭ ናት» አሉ።

ለሐሰት ሲሉ ያን የበሉ ሰው ለእውነት ሲሉ ምን ይበሉ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

 ቄሰ ገበዙ፣ እንግዴህ የታቦት ሆነ ወይ ብለው ጠየቁ። ሆነ አሉ ጋሸ። ተመልሶ የእኔ ነው የሚል የለም? የለም። ሰማችሁ ወይ አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። ሰማን አለ ሕዝቡ።

«ልጀ» አሉ ወደ ልጅቱ። «ታቦት ይኼን ማንጎ ተቀብሏል። አሁን ለአንቺ ሰጥቶሻል። ወስደሽ ቅበሪው።»

ከከተማው ወጣ ብሎ ጉድጓድ ተቆፈረ። በጋሪ ተመላልሶ ተደፋ፤ ማንም እንዳያወጣው ነጭ ጋዝ ተርከፈከፈበት፣ ከዚያ አፈር። ጋሸ እዚያ ድረስ መጥተው ነበር። የንስሐ ፊት ይዘው የመጡ መስሎኝ ነበር፤ የመጡት ሣጥኖቹን ሊወስዱ ነው። የተሳልሁት ማንጎውን ነው እንጂ ሣጥኑን አይደለም አሉ።  ባዶዎቹን ሣጥኖች፣ እንደዚያ እንደጨቀዩ፣ በጋሪ አስጭነው ሄዱ። ምን ሊጭኑባቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ልጅቱ ወደኔም መጥታ ነበር። አንድ በአንድ አየችው። በጣቷ እየተጫነች፣ እያሸተተች፣ ረጥቦ የነበረውን ሁሉ ወደ ጎን አደረገች። አልተከራከርኋትም። ከእኔም ቀላል የማይባል ተወርሶ ከእሳቸው ማንጎ ጋር አንድ ጉድጓድ ገባ። የእኔ ተወረሰ ተባለ፣ የእሳቸው ስለት ገባ ተባለ። ጉድጓዱ ግን ያው ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የገባው ስለት ተነገረ። መነገር አለበት፤ ወግ ነው። ቄሰ ገበዙ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ጋሸ እገሌ ማንጎ አስገብተዋል፣ ብቻ አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከእነሱ መካከል መጋዘኑ በር ላይ አፍንጫቸውን ይዘው የቆሙ ነበሩ። ጋሸ ከወንዶቹ በኩል ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ። ጋቢው ታጥቧል። የልጅቱን ስም ያነሣ የለም፤ እሷም እዚያው በሴቶቹ መካከል ነበረች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ለጸሎት ይሁን ለሌላ እንጃ።

ፍኖተ ሰላም ላይ ከዚያ መጋዘን የወጣ ማንጎ የሚገዛኝ አላገኘሁም። የተረፈኝን አይሱዙ ላይ ጭኜ ቡሬ ወረድሁ። በጅምላ የሚረከበኝ ስላጣሁ ገበያው ዳር ሚዛን አቁሜ በኪሎ ሸጥሁት። ጥሩ ማንጎ ነበርና ሄደልኝ። ሙሉ ባይሆንም ሄደልኝ፤ ለሚቀጥለው ዛፍ የሚበቃ ይዤ ተመለስሁ። ከመጨረሻዎቹ ገዢዎች አንዷ፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች ወይዘሮ፣ እያንዳንዷን ፍሬ ስትመርጥ ቆየች። መዘንሁላት። መርቂልኝ እንጂ አለችኝ። ኪሎው ሙሉ ነው አልኋት።

«እናንተ ነጋዴዎች» አለች። «ፍኖተ ሰላም አንድ ሽማግሌ መጋዘን ሙሉ ማንጎ ለታቦት ሰጡ አሉ። ሰምተሻል? አንቺ አንዲት ፍሬ ትሰስቻለሽ።»

ሰምቻለሁ አልሁ። ከደህናው መርጬ አንዲት መረቅሁላት።

«እንዲህ ነው» አለች፣ ዘንቢሏን አንሥታ። «ከሳቸው ተማሩ።»